ሰላምታ የማታውቀው የጀርባ ማስተካከያ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ዕቃዋ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል በማጣበቂያ ትለጠፋለች። ጠዋት ቀጥ ብላችሁ ትቀመጡና ስልክ ላይ ባለው አፕ “ትክክለኛው አቀማመጥ ይኼ ነው” ብላችሁ ታስለምዷታላችሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ከጎበጣችሁ ቫይብሬት ታደርጋለች። ጎንደር ፒያሳ አንድ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የማፈጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሂሳብ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ሲቃረብ ማጅራቴ እንጨት ይሆናል፤ የገዛኋትም ለዚሁ ነው። ቴሌግራም ላይ የሸጠልኝ ልጅ “እህቴ፣ በሁለት ሳምንት ቀጥ ትያለሽ” አለኝ።

እሺ ወንድሜ፣ በ44ቱ አድባራት ከተማ፣ ሰው ለታላቁ ዝቅ ብሎ እጅ በሚነሳበት አገር፣ ጎንበስ ባሉ ቁጥር የምትቆጣ ዕቃ ስትሸጥ ትንሽ እንኳ አላሳሰበህም?

በደረሰኝ ጉዳይ ጣጣ የገጠማቸው አንዲት እናት ቢሮ ገቡ። ብድግ ብዬ “እንደምን አደሩ፣ እማማ” ስል ዝቅ አልኩ። እሳቸውም እንደ ወጉ እጄን ይዘው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ኑሮው እየጠየቁ አልለቅ አሉ። በዚህ መሃል ጀርባዬ ላይ ድርርር! ደንግጬ እንደ ወታደር ቀጥ አልኩ። “ውይ ልጄን! ምን ነደፈሽ?” ብለው በነጠላቸው ጫፍ ጀርባዬን ያራግፉ ጀመር። “ኧረ ማሽን ነው፣ እማማ” ብላቸው ባሰባቸው። ጊንጥ ቢሆን ይመርጡ ነበር መሰለኝ። ጉዳያቸውን ጨርሰው እስኪወጡ ድረስ ወንበራቸውን ከእኔ ትንሽ ራቅ አድርገው ነው የተቀመጡት።

መስቀል ስሳለም ትነዝራለች። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቡና ስቀዳ ትነዝራለች። ለስቅለት ስግደት ጭራሽ አውልቄያት ሄድኩ፤ ባላወልቃት ኖሮ ከቀትር በፊት ባትሪዋ ባለቀ።

ይኼንንስ በሳቅ አልፈው ነበር። የሚያናድደኝ መናገር ባለባት ሰዓት ዝም ማለቷ ነው። ውስጧ ያለው መለኪያ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተለጠፈችበት ቦታ ከመሬት ስበት አንጻር ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ። ስለዚህ ከሰዓት ደክሞኝ ወንበሩ ላይ ስንሸራተት፣ ወገቤ እንደ ቀስት ጎብጦ ትከሻዬ መደገፊያው ላይ ሲያርፍ፣ ለእሷ ሁሉ ሰላም ነው። አንገቴን ብቻ ወደ ስልክ ስደፋም ያው ዝምታ ነው። ኬኔት ሀንስራጅ የተባለ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስሌት፣ 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጭንቅላት 60 ዲግሪ ሲደፋ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። የእኔ ችግር ደግሞ ከማጅራቴ ነው። ትከሻ መሃል ተለጥፋ አንገትን የማታይ ዕቃ ለማጅራት ሕመም ትሸጣለህ?

ማጣበቂያዋን አታንሱብኝ። መጀመሪያ ላይ በውሃ ስትጠራረግ ተመልሳ ትይዝ ነበር። ኋላ አቧራና ላብ ጨረሷትና ከፋርማሲ በገዛሁት ፕላስተር ማሰር ጀመርኩ። ፕላስተሩ ይይዛል፣ ሲላጥ ግን ነፍስ ያወጣል።

“ታዲያ ለምን አትጥያትም?” ትለኛለች አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ። አልጥላትም! አፑ መቼ መቼ እንደምጎብጥ በሰዓት ለይቶ ያሳያል። ጠዋት ደህና ነኝ፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ግን ያለማቋረጥ ቀይ ነው። ጠዋት የምሠራው በዴስክቶፑ ነው፣ ከሰዓት በላፕቶፕ። የላፕቶፑ ስክሪን ከደረቴ በታች ስለሆነ መላ አካሌን ይዞኝ ይወርዳል። ያለፉ ዓመታት ሰነድ የያዙ ሁለት ቦክስ ፋይሎች ከሥሩ አነባብሬ ስክሪኑን ከዓይኔ ትይዩ አደረግኩት። በዚያ ከፍታ ክንድ ስለሚንጠለጠል ለብቻው ኪቦርድ ገዝቼ ሰካሁ። በዚያው ሳምንት ቀዩ አነሰ፣ ማጅራቴም ቀለል አለው። የዘንድሮን ሰኔ ያለ ማስታገሻ ነው የዘጋሁት።

እና ምስጋናው ለማን ይሁን? ሻጩ “ለእሷ ነዋ!” እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ለቦክስ ፋይሎቹ እላለሁ። በእርግጥ እሷ ባትጨቀጭቀኝ ኖሮ ላፕቶፑን አልጠረጥረውም ነበር፤ ይኼንን አልክዳትም። አሁን የምለጥፋት ከሰዓት ብቻ ነው፤ ባለጉዳይ የሚበዛው ጠዋት ስለሆነ። ቡና ሲፈላ አወልቃታለሁ።

ተለዋጭ ማጣበቂያ የሚልክላችሁ ዘመድ ውጭ አገር ካለ ሞክሯት። ከሌለ ኪቦርድ ግዙ፤ ቦክስ ፋይሉን ከቢሮ ታገኙታላችሁ።