«ዛሬ ገጥመን ዛሬ ዓሣ እናስገባለን» ለሚላችሁ ሻጭ ቀብድ አትክፈሉ

ሰሞኑን በለገጣፎ፣ በአያትና በገላን በኩል አዲስ ቤት የገቡ ሰዎችን የሚያባብል አንድ ጥቅል ሽያጭ አለ። የባሕር ዓሣ አኳሪየም፣ ሙሉ ዕቃው በአንድ ዋጋ። መስታወቱ፣ ፓምፑ፣ ጨው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ዓሣው ሳይቀር። ጠዋት ይመጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ብርቱካናማና ነጭ ክላውንፊሽ ሳሎናችሁ ውስጥ ትዋኛለች። ዋጋው አይጻፍም፤ እንደተለመደው «ኢንቦክስ» ነው። ግማሹ ቀብድ፣ ቀሪው ሲገጠም።

አትግዙ። የጨው ውሃ አኳሪየም በአንድ ቀን ለዓሣ አይደርስም። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በዚያው ቀን ዓሣ የሚያስገባ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ አሳምሮ ያውቃል። ሁለተኛው ይብሳል።

ጎረቤቴ ቤት የገጠሙትን ሄጄ አይቻለሁ። ዓሣዎቹ አልቀዋል። ስለዚህ የማወራው በወሬ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል። ባሕር ሰፊ ስለሆነ፣ ባክቴሪያውም ስለሞላ፣ እዚያ ይህ አያስቸግርም። አዲስ በተሞላ መስታወት ውስጥ ግን ሥራውን የሚሠራው ባክቴሪያ ገና የለም። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬትን ዓሣ በመጠኑ ይችለዋል፣ ውሃ በመቀየርም ይቀንሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ ተጣብቀው ቀስ ብለው ነው የሚባዙት። ስለከፈላችሁ አይቸኩሉም።

የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ) ከ8 በላይ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ፒኤቹ 7 ከሆነ ውሃ ጋር ሲነጻጸር፣ ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማ የሚሆነው ድርሻ በአሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። «እኔ ጎልድፊሽ አርብቼ አውቃለሁ፣ በመጀመሪያው ቀን አስገብቼ ምንም አልሆኑም» የሚል ወዳጅ ካላችሁ ምክሩ ጨው ለሌለው ውሃ ነው፣ እዚህ አይሠራም።

ባክቴሪያውን ለማሳደግ የሚሠዋ ዓሣ አያስፈልግም። ትንሽ ቁራጭ ጥሬ የዓሣ ሥጋ ወይም ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጥሎ እንዲበሰብስ መተው ይበቃል። ከዚያ በመመርመሪያ ኪት እየለኩ መጠበቅ ነው። አሞኒያው ይወጣል፣ ይወርዳል። ናይትራይት ይከተላል፣ እሱም ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ያኔ አንድ ወይ ሁለት ትናንሽ ዓሣ ይገባል። ከሚሠራ አኳሪየም እርጥብ ሆኖ የመጣ ድንጋይ ጊዜውን ሊያሳጥረው ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። ጎረቤቴ ቤት የመጣው ግን ከነአቧራው ደረቅ ድንጋይ ነበር።

አሁን ወደ ጨው። ያመጡት ምንም ምልክት በሌለው ማዳበሪያ ነው። የማን ምርት እንደሆነ ሲጠየቁ «የባሕር ጨው ነው» ብለው ዝም። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ አዮዲን ተጨምሮበታል። የባሕር ውሃ ግን በሊትር 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ ፒኤቹን አጽንቶ የሚይዝ ካርቦኔትም አለው። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ጨው እነዚህን ሁሉ ይይዛል፣ ዕቃው ላይም ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ መለኪያ አውጥቶ «ይኸው 1.025፣ ልክ የባሕር ውሃ» ቢላችሁ አትሸወዱ። መለኪያው የሚናገረው ውሃው ምን ያህል ጨዋማ እንደሆነ ነው፤ የምን ጨው እንደሆነ አይለይም። የአፍዴራን ጨው ብትበጠብጡበትም 1.025 ይላችኋል።

ጨዉን የበጠበጡትም እዚያው መስታወቱ ውስጥ፣ ዓሣዎቹ በፌስታል ታስረው ጎን ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። ደንቡ ሌላ ነው። በሌላ ዕቃ ይበጠበጣል፣ በፓምፕ እየተናወጠ አንድ ቀን ያድራል፣ ከዚያ ተለክቶ ይገባል። ውሃውም ከሮቶ በቀጥታ የተቀዳ ነበር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ማጣራት ወይም ክሎሪኑን የሚያጠፋ ፈሳሽ መጨመር የግድ ነው።

ለእኛ ከተማ የሚያስፈልገው ደግሞ ጭራሽ አልታሰበበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ የውሃውን ገጽ አጥብቆ የሚያናውጥ ፓምፕ ያስፈልጋል። የኅዳርን ሌሊት ብርድ ደግሞ ዳር ላይ የምንኖር እናውቀዋለን። ዓሣዎቹ የሚፈልጉት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው። ለ200 ሊትር ውሃ የተሰጠው ማሞቂያ 50 ዋት ብቻ ነው! መብራት ሲጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በጥቅሉ ውስጥ የለም። እነሱ የሚያውቁት መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ካለ ይንገሩን።

መስታወቱን የጫኑት ቡፌ ላይ መሆኑንም ልንገራችሁ። ውሃው ብቻ 205 ኪሎ ነው።

ዋናው ጉድ ግን ዓሣው ከሞተ በኋላ ነው የሚመጣው። ስትደውሉ «ውሃችሁ ነው» ይባላል። መጀመሪያ መድኃኒት ይሸጡላችኋል። ቀጥሎ «ለደንበኛ ቅናሽ» ብለው ሌላ ዓሣ ያመጣሉ። እሱም ይሞታል፣ ምክንያቱም የተለወጠ ነገር የለም። ዋስትናው መስታወቱንና ፓምፑን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ «ሕይወት ላለው ነገር ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። እንደኔ ግምት ትርፋቸው ከመጀመሪያው ሽያጭ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ደህና አድርጎ የተዘጋጀ አኳሪየም ያለው ሰው በየሳምንቱ አይደውልላቸውም።

ሻጭ ስታናግሩ የጨዉ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁ። ዓሣው መቼ እንደሚገባ ጠይቁ፤ «ሲለካ እናያለን» ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ለዓሣው የሚከፈለው ከዕቃው ተለይቶ፣ ምርመራው ዜሮ ካሳየ በኋላ ይሁን። ኪቱን ራሳችሁ ግዙ፣ ራሳችሁ ለኩ። ደረሰኝ ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ያለ ደረሰኝ አቤት ብትሉ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።

ገዝታችሁ ዓሣው አሁን በሕይወት ካለ፣ ተጨማሪ ዓሣ አትቀበሉ። ምግቡን ቀንሱ። አሞኒያ ከታየ በተመሳሳይ ጨዋማነትና ሙቀት በተዘጋጀ ውሃ ሩቡን ያህል ቀይሩ፣ እየለካችሁም ድገሙት። ተንኖ የጎደለውን ግን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ሙሉ፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨዉ አይደለም። የፊልተሩንም ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ገና ማደግ የጀመረውን ባክቴሪያ ክሎሪኑ ይገድለዋል። ከአኳሪየሙ በቀነሳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት።