ሞተር ከቀየርኩ በኋላ፦ ዘጠኝ ወር ከኮድ ማንበቢያዬ ጋር

ስልኬ ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚል ቁጥር ሳይ፣ መጀመሪያ የተበላሸው ስልኩ መስሎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ የጥቅምት ጠዋት። የመኪናዋ መስታወት ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ቢሆንም ደብረ ብርሃን የፈለገውን ያህል ቢበርድ እዚያ አይደርስም። ይህ የብርድ ቁጥር አይደለም፤ የተቆረጠ ሽቦ ቁጥር ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው።

ከመነሻው ልጀምር። መኪናዬ የ2001 ቶዮታ ሴሊካ ናት። ባለፈው ክረምት የራዲያተር ቱቦ ፈነዳ። ሳላውቅ ነዳኋት፣ ሞተሩ ጋለ፣ ቴስታታው ተጣመመ። ሶማሌ ተራ ሰንብቼ ያገለገለ ዋን ዚ ዚ ኤፍ ኢ ሞተር አገኘሁ። የድሮው ሞተሯ ዓይነት ነው፤ 1.8 ሊትር፣ ቪ ቪ ቲ አይ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክል ዘዴ) ያለው። መስከረም ላይ ሞተሩን ብቻ ቀየርን። ኮምፒውተሯንና የሽቦ ጥቅሏን አልነካንም፤ የሌላ መኪና ኮምፒውተር ማምጣት ከቁልፉ ኢሞቢላይዘር (የስርቆት መከላከያ) ጋር ያጣላል። ሞተሩ በመጀመሪያው ቀን ተነሳ። ቼክ ኢንጂን መብራቱም አብሮ በራ።

የማወራላችሁ ዕቃ ያኔ የገዛኋት ኮድ ማንበቢያ ናት፤ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገባቸውን የብልሽት ኮዶችና የሴንሰሮቹን ቁጥር ስልክ ላይ ታሳያለች። የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 እግር ሶኬት የምትሰካ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ። ኢ ኤል ኤም 327 ይሏታል፤ በትክክል ለመናገር የዚያ ቺፕ ኮፒ ናት። ጀርባዋ ላይ ቨርዥን 1.5 ይላል። ዋናውን ቺፕ ይሠራ የነበረው የካናዳው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ ግን 1.5 የሚባል አውጥቶ አያውቅም። ለኔ መኪና ግን ሠርታለች። ጓደኛዬ 2.1 የሚል የተጻፈበት ሌላ ኮፒ አለው፤ ከሴሊካዋ ጋር ጭራሽ አልግባባ አለ። የኔ መኪና የምትናገረው የቆየውን አይ ኤስ ኦ 9141 የተባለ ቋንቋ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃዋን መኪናችሁ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ዋጋዋ ከአንድ ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ዕቃ) ያነሰ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰካት አራት ኮድ በአንዴ አወጣች። የኤርፍሎ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው)፣ የውሃ ሙቀት፣ የነዳጅ መስጫ ቢራቢሮ፣ የኦክስጅን ሴንሰር። ልቤ ወደቀ። ይህን ሁሉ ከየት ልገዛ ነው? አሁን ሳስበው ግን መልሱ እዚያው ብዛቱ ውስጥ ነበር። አራት ሴንሰር በአንድ ቀን አብሮ አይሞትም። አብረው የሚታመሙት የሚጋሩት ነገር ሲታመም ነው፤ ወይ ለሴንሰሮቹ የሚላከው 5 ቮልት፣ ወይ ግራውንዱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር።

መካኒካችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። የቮልት መለኪያ ቴስተሬን ይዤ ስመጣ «እስቲ ከሞተሩ ብረትና ከባትሪው ኔጌቲቭ መሀል ለካ፣ እኔ ላስነሳ» አሉኝ። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ላይ ያዝኩ። ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። 1.6 ቮልት አሳየ። ደህና ከሆነ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ጎንበስ ብለን ስናይ፣ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ የለም። አሮጌው ሞተር ሲወጣ ተፈትቶ ሳይመለስ ቀርቷል። የኔ መኪና ኮምፒውተር ግራውንዱን የሚያገኘው ከሞተሩ ብረት ነው። ስለዚህ ማስነሻው የሚጠጣው ከባድ ኤሌክትሪክ ደህና መመለሻ ሲያጣ፣ ከፊሉ በሴንሰሮቹ ቀጫጭን ሽቦዎች ነበር የሚሽሎከለከለው። ሽቦውን መለስን፤ ቀለሙን ፍቀን፣ ብሎኑን አጥብቀን። 1.6 የነበረው 0.05 ሆነ። ከአራቱ ኮድ ሦስቱ ከጠፉ በኋላ ተመልሰው አልመጡም። አንዲት ሴንሰር አልገዛሁም።

ስለዚህ ሞተር የቀየራችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ኮድ አይታችሁ ወደ መለዋወጫ ሱቅ አትሂዱ። ኮዱ የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ የቱ ሽቦ ላይ እንግዳ ነገር እንዳየ እንጂ የቱ ዕቃ እንደሞተ አይደለም።

የቀረው የኤርፍሎው ነው፤ ያ የጥቅምት ቁጥር የመጣውም በሱ በኩል ነው። ኮዱ ፒ 0110 ይላል፤ የሚገባው አየር ሙቀት። በኔ መኪና የአየሩ ሙቀት የሚለካው እዚያው ባለ አምስት ሽቦው ኤርፍሎ ውስጥ ነው። «ኤርፍሎው ነው፣ ቀይረው» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ዕቃዋ ግን በነጻ የምትሠራው ምርመራ አላት። የሙቀት ሴንሰር ሲበርድ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይጨምራል። ሽቦው ጨርሶ ከተቆረጠ ኮምፒውተሩ የመጨረሻው ብርድ ይመስለዋል። ስለዚህ ሶኬቱን ነቀልኩና የሙቀቱን ሁለት እግሮች በሽቦ ቁራጭ አገናኘሁ። ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደህና ከሆኑ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው ወደ ከፍተኛ ሙቀት መዝለል አለበት። አልዘለለም። ንቅንቅ አላለም። ሴንሰሩ ነጻ ወጣ።

ሽቦውን በጣቴ እየዳበስኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከሶኬቱ አንድ ስንዝር ሳልርቅ፣ አንዷ ሽቦ ስስባት እንደ ላስቲክ ተለጠጠች። ላይዋ ደህና ነው፤ ጭረት እንኳ የለባትም። ውስጧ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ሞተሩ ሲወጣ ተጎትታ መሆን አለበት። በይጄ ናስትሮ ጠቀለልኩባት። ስልኩ 9 ዲግሪ አለ። ያን ጠዋት ከልብ የሚታመን ቁጥር ነው።

ኅዳር ላይ ፒ 0171 መጣ፤ ነዳጅ አንሷል፣ አየር በዝቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥሩን፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየውን፣ ማየት የግድ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆማ 24 በመቶ ትጨምራለች፤ 2,500 ዙር ላይ ስይዛት ወደ 6 ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ከኤርፍሎው በኋላ የሆነ ቦታ አየር ሾልኮ እየገባ ነው። ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ስርቆቱ ጎልቶ ይታያል። ኤርፍሎው ቆሽሾ ቢሆን ኖሮ ዙሩ ሲጨምር ይብስ ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ ስልኩን መስታወቱ ሥር አቁሜ፣ የአየር ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ጨበጥ አደረግኩ። ከሞተሩ ክዳን ወደ ኢንቴክ የምትሄደዋን ስጨብጥ ቁጥሩ 24፣ 17፣ 9 እያለ ወረደ። ማሰሪያዋ ሥር ተሰንጥቃለች። ርካሽ ጎማ ናት።

አንድ ነገር ለደጋ ሰዎች። ኤርፍሎ ጤናማ ሲሆን ለዚህ መጠን ሞተር፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ 6,000 ዙር ገደማ ላይ ወደ 100 ግራም በሰከንድ ማሳየት አለበት የሚል መለኪያ ታገኛላችሁ። የኔ ደብረ ብርሃን ላይ 72 ነው ያሳየው። ልቀይረው ነበር። ከዚያ ለሥራ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ፤ እዚያ 82 አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ከዚያ ላይ ትንሽ ቢቀንስበትም። ሴንሰሩ እውነቱን ነበር የሚናገረው። ያ መለኪያ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ መኪና ነው።

በጣም ያመሰገንኳት ግን ጥር ላይ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ነው። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ከዋሻው በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ፍላሸር አበራሁ፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረግኩ፣ ዕቃዋን ሰካሁ። ሳስነሳ ማስነሻው በደንብ ያዞራል፤ ስልኩ ላይ ግን ዙሩ ዜሮ ነው። ሁለት መቶ አካባቢ ማሳየት ነበረበት። ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ካላወቀ ነዳጅም እሳትም አይሰጥም። የክራንክ ሴንሰሩ፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር፣ ሽቦ ከማቀፊያዋ ወጥታ ቺንጋው እየፋቃት ኖሯል፤ መዳቧ ያብለጨልጫል። ናስትሮ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ተነሳች። ይህች ዕቃ ባትኖር ኖሮ የነዳጅ ፓምፕ እያልኩ ስጠራጠር እዚያው ይመሽብኝ ነበር።

የማልወድላት ነገርም አለ። ኤ ቢ ኤስና ኤርባግ አታነብም። ቀርፋፋ ናት፤ ይህ ግማሹ የመኪናዋ የቆየ መስመር ጠባይ ነው። ስምንት ቁጥር ባንድ ላይ ስከፍት እያንዳንዱ ከሦስት ሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ አሁን ከሦስት ቁጥር በላይ አልከፍትም። የባትሪ ቮልት ስታሳይ ከቴስተሬ 0.4 ትቀንሳለች። ተሰክታ ካደረች ደግሞ ባትሪ ትጠጣለች። ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሌሊት ረስቻት በሦስተኛው ጠዋት በግፊ ነው የተነሳሁት። አይፎን የያዛችሁ የኔን ዓይነት ብሉቱዝ አትግዙ፣ አይገናኝም።

ኮድ ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ኮምፒውተሩ ኮዱ በወጣበት ቅጽበት የነበረውን ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነት ይመዘግባል። ኮዱን ስታጠፉት ይህም አብሮ ይሄዳል። እኔ አንዴ አጥፍቼ፣ ችግሩ ተመልሶ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ።

አሁን አንድ ኮድ ቀርቶኛል፤ ፒ 0420፣ የካታሊቲክ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ)። የኋላው ኦክስጅን ሴንሰር ረጋ ብሎ መቆም ሲገባው ከፊተኛው ጋር እኩል ይወዛወዛል። ካታሊቲኩ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከፊቱ ያለው የጭስ ማውጫ መጋጠሚያ ግን ጠዋት ጠዋት ጭስ ሲያመልጠው ይሰማኛል፤ ጥቀርሻውም ይታያል። ቅዳሜ ጋሼ ዘንድ ወስጄ መጀመሪያ እሱን አስበይዳለሁ። ከዚያ የሁለቱን ኦክስጅን ሴንሰሮች ቮልት ጎን ለጎን ከፍቼ እንደገና አያለሁ።