ዘጠኝ ወር በኤሌክትሪክ መኪና፦ ከማደያ ወረፋ እስከ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም

ይህችን ባለ 38 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አነስተኛ የቻይና መኪና የገዛሁት በሚያዝያ 2017 ሲሆን፣ እስከ ጥር 2018 ድረስ 8,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻታለሁ። የሠሪዋንም ሆነ የአስመጪዋን ስም አልጠቅስም፤ በአንዲት መኪና ላይ የደረሰው ጉድለት በድርጅት ላይ የቀረበ ክስ እንዲመስል አልፈልግም።

ውሳኔው የመጣው ከወረፋ ነው። በአሮጌዋ ኮሮላዬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ ማደያ በር ላይ የተሰለፍኩባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም። «ቦቴ ገብቷል» ከተባለ ሰልፉ ዋናውን መንገድ ይዘጋል፤ ተራ ሲደርስ ደግሞ ኔትወርክ ይቋረጥና በስልክ መክፈል አይቻልም፤ ያልታደለው በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን በእጥፍ ዋጋ ይገዛል። አገራችን ነዳጇን በሙሉ ከውጭ፣ አብዛኛውንም በጅቡቲ በኩል ስለምታስገባ፣ የሩቅ ጦርነት እዚህ ማደያ ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። ሩሲያ የካቲት 17 ቀን 2014 ዩክሬንን ስትወር ድፍድፍ ነዳጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ በበርሜል ከ120 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 13፣ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት መጀመሩን ያኔ ከመኪናዬ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ከዚያም በ2017 በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር ሲያልፍ ግን ሒሳቡን መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በወር 900 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። ኮሮላዬ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ 90 ሊትር፣ ማለትም ከ9,000 ብር በላይ ትጠይቀኝ ነበር። አዲሲቱ ለመቶ ኪሎ ሜትር 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ በወር 130 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ወጪውም ከሺህ ብር ብዙም አይርቅም። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ወዳለ እርከን ስለሚያሻግር ግን፣ የመኪናው ብቻ ሳይሆን የቤቱም ሒሳብ አብሮ እንደሚወጣ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አነዳዷን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። የቤንዚን ሞተር በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ አቅሙ ይቀንሳል፤ ይህችኛዋ ግን አየር ስለማትፈልግ የእንጦጦን ዳገት ያለ ጭንቀት ትወጣለች፣ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርድም ሞተሯ እንደ ጄኔሬተር ኃይል ስለሚመልስ ባትሪዋ ከመቀነስ ይልቅ አንድ ሁለት በመቶ ይጨምራል። በወረቀት 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል፤ በእኔ አነዳድ 280 ነው። በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስሄድ ከባትሪው 34 በመቶ፣ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ስመለስ 49 በመቶ ወሰደችብኝ፤ በመኪና ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን የዳገት ልዩነት ከኪሎ ሜትሩ እኩል ያስላ። ድምፅ ስለሌላት በፒያሳ ጠባብ መንገዶች እግረኛ አይሰማትም፤ እኔም ጡሩንባ ማብዛት ጀምሬያለሁ።

ችግሩ ያለው ቻርጅ ማድረጉ ላይ ነው። የምኖረው በግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገመድ በመስኮት አውርጄ ነበር፤ የነዋሪዎች ኮሚቴም በትክክል ከለከለኝ። ከአራት ወር ንግግር በኋላ ከራሴ ቆጣሪ እስከ መኪና ማቆሚያው በቱቦ የተሸፈነ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር በባለሙያ እንዳዘረጋ ተፈቀደልኝ። ከተራ ሶኬት የሚገኘው 2.2 ኪሎዋት ብቻ በመሆኑ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት የማገኘው 130 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ነው፤ ለእኔ ይበቃል። ባለቤቴ እንጀራ በምትጋግርበት ቅዳሜ ግን ምጣዱና መኪናዋ አብረው ከተሰኩ ቆጣሪው ይዘላል፤ ቅድሚያው የምጣዱ ነው። አንድ ምሽት ታች ቤት ያሉ እናት ገመዱን አይተው «ልጄ፣ ቤንዚን ትታ ምንድን ነው የምትጠጣው?» አሉኝ። «ውኃ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ቀልድ ቢመስልም የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው።

ከጉድለቶቹ መካከል የስክሪኗ ምናሌ በቻይንኛ መሆኑን በስልክ ትርጉም ተወጥቼዋለሁ። በስድስተኛው ወር በሩንና መብራቱን የምታሠራው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ሞታ፣ ትልቁ ባትሪ 70 በመቶ እያለው መኪናዋ በሯን እንኳ አልከፍት አለች። የባሰው የፊት መብራቷ ነው፤ ሚኒባስ ከሰበረብኝ በኋላ ምትኩ የመጣው በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነበር። አስመጪው መርከቦች ቀይ ባሕርን እየሸሹ በደቡብ አፍሪካ ስለሚዞሩ ነው አለኝ። ሙሉ ምክንያቱ ይሁን ሰበብ መለየት አልቻልኩም፤ ነገር ግን ከኅዳር 2016 ጀምሮ በዚያ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት መድረሱ እውነት ነው። በሰኔ 2017 እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀናት ሲዋጉ፣ ከዓለም የነዳጅ ፍጆታ አንድ አምስተኛው ገደማ የሚያልፍበት የሆርሙዝ ወሽመጥ ይዘጋል ሲባል፣ ተረጋግቼ ዜናውን ያየሁት ከጦርነት ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። ያመለጥኩት ግን ከማደያው ብቻ ነው።

ኤሌክትሪኩም ቢሆን በምሰሶና በሽቦ የሚመጣ ነው። በሰሜኑ ጦርነት የተቆረጠው መስመር መቐለን ለረጅም ጊዜ በጨለማ አቆይቷት፣ ከዋናው መረብ ዳግም የተገናኘችው ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በኅዳር ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ለእኔ መኪና ኃይል የሚሆነው ሽቦው በሚያልፍበት አገር ሁሉ ሰው ሲተኩስ ካላደረ ነው። ስለዚህ «ነዳጅ ጠፋ፣ ኤሌክትሪክ ግዙ» ብቻ ብሎ መምከር ግማሽ ምክር ይመስለኛል።

በአዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር፣ የራሱ ቆጣሪና ማቆሚያ ላለው ሰው ያለ ማመንታት ግዛ እላለሁ። በኪራይ ቤት የሚኖር አከራዩን አስቀድሞ ያነጋግር። ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ግን ይቆይ። እናቴ ያሉት ደብረ ማርቆስ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ያለበት መንገድ። ጎሐ ጽዮን ላይ አንድ ፈጣን ቻርጀር ቢኖር መኪናዋ እንደምትደርስ አስልቻለሁ። ለገናም «መቼ ትመጣለህ?» ብለው ሲደውሉ ስለ ባትሪው ላስረዳቸው ጀምሬ ነበር፤ «መኪናውስ ይሁን፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብለው አቋረጡኝ።