ከጋምቤላ ጎዴ ስንት ሰዓት ነው? የአንድ ርቀት ማስያ መተግበሪያ ግምገማ

የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎችን ስም ሲያስገቡለት ርቀቱንና የበረራ ጊዜውን ወዲያው የሚያወጣ አንድ የስልክ መተግበሪያ፣ ቲኬት በምቆርጥበት ቢሮ ውስጥ ለስድስት ወር ያህል ተጠቅሜበታለሁ። ርቀት ሲነግረኝ አምነዋለሁ፤ ጊዜ ሲነግረኝ ግን አላምነውም።

ከጋምቤላ እስከ ጎዴ 1,025 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላል፤ ልክ ነው። የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ የምድርን ክብነት ተከትሎ የሚሄደውን አጭሩን መስመር ስለሚያሰላ፣ በካርታ ላይ ማስመሪያ ዘርግቶ ከመለካት እጅግ ይሻላል። ከርቀቱ ሥር የሚጽፈው «1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ» ግን ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት አካፍሎ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሮ የሚያገኘው ቁጥር ነው። በአገር ውስጥ መስመሮች በብዛት የሚበረው ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 እዚያ ፍጥነት ላይ አይደርስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ የመንገደኛ በረራ የለም።

ተጓዡ መጀመሪያ 475 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ ቦሌ ይወርዳል፤ ከዚያም 625 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎዴ ይበራል። አዲስ አበባ ከቀጥታው መስመር ብዙም ስለማትርቅ በርቀት ላይ የሚጨመረው ከመቶ ስምንት እንኳ አይሞላም፤ ቀኑን የሚበላው ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት ነው። የጎዴው አውሮፕላን ቀድሞ ተነሥቶ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ማደር ግድ ይሆናል። ለውኃ ሥራ ከጋምቤላ ወደ ጎዴ የተዛወረ አንድ ደንበኛዬ የመተግበሪያውን «1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ» አምኖ ለባልደረቦቹ «ለምሳ እደርሳለሁ» ብሏቸው ነበር። ለባሮ ሙቀት የሚሆን ስስ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው ቦሌ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አድሮ፣ ዋቢ ሸበሌ ዳር የደረሰው በማግስቱ ነው። ያን ቀን ሳላስጠነቅቀው በመቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ርቀቱ ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ጎንደርና ላሊበላ በአየር 180 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም፤ ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ግን በአዲስ አበባ በኩል የሚሄድ ሰው 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። ከላሊበላ ማረፊያ እስከ ከተማው ያለውን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የመኪና መንገድ መተግበሪያው ጨርሶ አይቆጥረውም።

አዘጋጆቹ «ቀጥታ በረራ የለም» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩበት ያለማመንታት ለሰው እመክረው ነበር። እስከዚያው ርቀቱን ብቻ ከእሱ እወስዳለሁ፤ የመነሻውን ሰዓት ደግሞ ከቲኬቱ አይቼ በሁለቱም አቆጣጠር በእጄ እጽፍላቸዋለሁ። ቲኬቱ ላይ 07:30 የሚለውን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው ብለው አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ የሚመጡ እናቶችና አባቶች ዛሬም አሉና፣ «ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል» የሚለውን ከሥሩ በትልቁ አሰምርበታለሁ።