አይሲኤስ ኢምፐልስ የቪዲዮ መነጽር፦ ከቁጥሩ በፊት ማሰሪያው

ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይኖች በዚያው ፍጥነት ወደ ግራ ካልዞሩ፣ እየተራመዱ የመንገድ ምልክት ማንበብም ሆነ የሰው ፊት መለየት አይቻልም። ይህን የሚመራው የውስጥ ጆሮ ነው። ትእዛዙ በሦስት የነርቭ ሴሎች ሰንሰለት አልፎ 10 ሚሊሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ዓይንን ያንቀሳቅሳል፤ ዓሣም ይኸው ሥርዓት አለው። ተመራማሪዎቹ ሃልማጊ እና ከርቶይስ በ1988 ይህን ጭንቅላትን በድንገት በማዞር መፈተን እንደሚቻል አሳዩ። የውስጥ ጆሮ ሲታመም ዓይን ወደኋላ ይቀርና ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘላል። ሆኖም ጭንቅላቱ ገና እየዞረ ሳለ ዓይን የሚያደርገው ይህ የማስተካከያ ዝላይ ለመርማሪው አይታይም። አይሲኤስ ኢምፐልስ የተባለው የቪዲዮ መነጽር ዋጋውን የሚያገኘው ይህንን ዝላይ በመያዙ ነው።

ክብደቱ 60 ግራም ገደማ ነው። ቀኝ ዓይንን በሰከንድ 250 ጊዜ ይቀርጻል፣ የጭንቅላቱን ፍጥነት ደግሞ በውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ ይለካል። ቀላልነቱ ትልቁ ብልጫው ነው፤ ከባድ መነጽር ጭንቅላት ሲዞር ወደኋላ ይቀራልና።

ታካሚው ቢያንስ 1 ሜትር ርቀት ላይ ካለ ነጥብ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ነጥቡ ከቀረበ ዓይን ይበልጥ መዞር ስላለበት ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። የክፍሉ መብራት ደማቅ ይሁን፤ ብሌኑ ሲጠብ ሽፋሽፍቱ አይከልለውም። ኩል ወይም ማስካራ ካለ ይጠረግ፣ ካሜራው ጥቁሩን ሁሉ ብሌን ያደርገዋል። ከዚያ መነጽሩ በሚተኩሳቸው ሁለት የሌዘር ነጥቦች ካሊብሬሽን (መለኪያውን ለታካሚው ዓይን ማስተካከል) ይደረጋል። መርማሪው የታካሚውን ጭንቅላት የሚያዞረው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ፣ ግን በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ፍጥነት ነው። ለእያንዳንዱ ጎን 20 ያህል ጥሩ ንቅናቄ ይበቃል። አቅጣጫውና ጊዜው ታካሚው ሊገምተው የማይችል መሆን አለበት። አንገቱ የታመመ ሰው ላይ አይሠራም።

ስህተት በብዛት የሚገባው ከማሰሪያው ነው። መነጽሩን በጣት ገፋ ሲያደርጉት የአፍንጫው ቆዳ አብሮ ካልሄደ ላልቷል። የላላ መነጽር ፊት ላይ ይንሸራተታል፣ ካሜራው ያንን ሁሉ የዓይን ንቅናቄ አድርጎ ይመዘግበዋል፣ የታመመ ጆሮም ጤነኛ መስሎ ይወጣል። የመርማሪው እጅ ማሰሪያውን ወይም የተያያዘውን ፀጉር ሲነካም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እጅ በመንጋጋ ላይ ወይም ከማሰሪያው በላይ በአናት ላይ ይሁን። በስክሪኑ ላይ የዓይኑ ፍጥነት መስመር ከጭንቅላቱ መስመር ቀድሞ ከተነሣ ወይም ቁጥሩ (ከታች የሚብራራው ጌይን) ከ1.2 ካለፈ፣ ታካሚው ዳነ ከማለት በፊት መነጽሩን ማጥበቅና መድገም ይሻላል።

ሶፍትዌሩ የዓይንን ፍጥነት ከጭንቅላቱ ጋር አነጻጽሮ ጌይን የሚባለውን ቁጥር ይሰጣል። የጭንቅላትን መዞር ከሚያውቁት የውስጥ ጆሮ ቦዮች መካከል ለአግድሙ ቦይ ከ0.8 በታች፣ ለቁም ቦዮች ከ0.7 በታች ሲሆን ያጠራጥራል። እኛ ግን ቁጥሩን ብቻ ማንበብ አንመክርም። ቁጥሩ ወርዶ የማስተካከያ ዝላይ ከሌለ መለኪያው ራሱ መፈተሽ አለበት፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ በተመሳሳይ ቦታ የሚደጋገም ዝላይ ካለ ደግሞ ሕመም ሊኖር ይችላል። የሚቀረጸው ቀኝ ዓይን ብቻ ስለሆነ ወደ ቀኝ የሚደረገው ንቅናቄ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፣ ይህ ልዩነት የግራ ጆሮ ሕመም ተደርጎ መነበብ የለበትም።

በድንገት ለጀመረና ለማይቋረጥ የራስ ማዞር ሕመም ደግሞ አነባበቡ ይገለበጣል። ዓይኑ ሳያቋርጥ እየተንቀጠቀጠ ይህ ፍተሻ ጤናማ ከሆነ፣ የአንጎል ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ታካሚው ወደ ቤት አይላክም። የውስጥ ጆሮ በሽታ በሆነው በሜኒየር ሕመምም ይህ ፍተሻ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ጆሮ በማፍሰስ የሚደረገው የጆሮ ውኃ ፍተሻ ውጤት ሊበላሽ ይችላል፤ መነጽሩ ፈጣኑን ንቅናቄ፣ ውኃው ዝግተኛውን ስለሚለኩ ነው። በመሆኑም መነጽሩን የሚገዛ ክፍል የውኃ መሣሪያውንም አብሮ ያቆይ።