ሙሉ ፊት፣ ክፍት ፊት ወይስ ግማሽ? ለወሎ መንገድ የሚሆን የሞተር ሄልሜት ንጽጽር

ሄልሜት ሲገዛ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው፤ ቀጥሎ መስታወቱ ላይ፣ ከዚያ ዋጋው ላይ። ሰውን የሚያተርፈው ክፍል ግን ከውስጥ ጨርቁ ሥር የተደበቀው ነጭ ፎም ነው። እሱን ሻጩም ገዢውም ሳያዩት ዕቃው ይሸጣል።

ይህ ንጽጽር ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ከሚሴና ባቲ ላይ ሞተር ለሚነዱና ከኋላ ለሚፈናጠጡ ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ከከተማ ከተማ በአስፋልት የሚሄድ ሰው ሙሉ ፊት ይግዛ። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሽከረከርና ሙቀት የሚያስቸግረው፣ ጆሮን እስከ ታች የሚሸፍን ባለ ክፍት ፊት ይበቃዋል። ግማሽ ሄልሜት ግን በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ዋናው መለኪያ፦ ከጆሮ በላይ ያለው አጥንት

ጭንቅላት ሲመታ አስፈሪው ሁልጊዜ ደም የሚፈስበት ቁስል አይደለም። ከጆሮ በላይ፣ ከቅንድብ ጫፍ ወደ ኋላ ያለው አጥንት ከራስ ቅል ስስ ቦታዎች አንዱ ነው፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ደም ወሳጅ ቧንቧ ታክኮት ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ሊቀደድና ደሙ በራስ ቅሉና በአንጎል ሽፋን መካከል ሊጠራቀም ይችላል። የወደቀው ሰው ተነስቶ ልብሱን ያራግፋል፣ ይስቃል፣ ሞተሩን ያነሳል። ራስ ምታቱ፣ ማስመለሱና ማንቀላፋቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከብዙ ሰዓት በኋላ።

ይህ ጉዳት በዓለም ላይ ብዙ የተወራለት በበረዶ ሸርተቴ ምክንያት ነው። ተዋናይቷ ናታሻ ሪቻርድሰን በማርች 2009 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሞን ትራምብላን፣ ለጀማሪዎች በተዘጋጀ ቁልቁለት ላይ ወደቀች። ሄልሜት አላደረገችም ነበር። ደህና ነኝ ብላ እርዳታ ሊሰጧት የመጡትን መለሰች፤ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ራሷን ያማት ጀመር፤ ከወደቀች በሁለተኛው ቀን ሞተች። የመኪና ውድድር ሻምፒዮኑ ሚካኤል ሹማከር ደግሞ ዲሴምበር 29 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሜሪቤል ሲንሸራተት ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። እሱ ሄልሜት አድርጎ ነበር፤ ሆኖም ከባድ የአንጎል ጉዳት ደረሰበት። ሄልሜት የጉዳቱን መጠን ይቀንሳል እንጂ አደጋን አያጠፋም፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ደግሞ ዓይነቱና ልኩ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚለው የሞተር ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለው መልስም አይሠራም። ሞተሩ ቆሞ እንኳ ከ1.5 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ጭንቅላት መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ጭንቅላት በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ቀጥ ካለ የሚያርፍበት ጫና የመሬት ስበትን 750 እጥፍ ያህል ይሆናል። 2 ሴንቲ ሜትር ፎም እየተጨፈለቀለት ከቆመ ግን 75 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የአውሮፓ የሞተር ሄልሜት ደንብ የፈቀደው ጣሪያ 275 ነው። እንግዲህ ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚያች 2 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሙሉ ፊት

አናትን፣ ጆሮን፣ ማጅራትንና አገጭን በአንድ ወጥ ቅርፊት ይይዛል። አገጭ መሸፈኑ ቅንጦት አይደለም፤ ሞተረኛ ሲወድቅ በግንባሩ ወደፊት የሚደፋበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የመንጋጋ ምትም እስከ ራስ ቅሉ ሥር ድረስ ይዘልቃል። ጥሩው ከ1.3 እስከ 1.7 ኪሎ ይመዝናል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ የጭነት መኪናውም ከላይም ከታችም ይመጣል። ለዚህ መንገድ፣ እንዲሁም ለሐይቅ፣ ለውጫሌና ለመርሳ መስመር ከሙሉ ፊት ሌላ አንመክርም። የሚነሳበት ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛው ጉም ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ዙሪያ ወይም ጉጉፍቱ ላይ ትንፋሽ መስታወቱን ይሸፍነዋል። ሰዎች ያኔ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ያነሱታል፣ ዝናቡ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ይልቅ የአገጩን የአየር ቀዳዳ ክፈቱ፣ መስታወቱን አንድ እርከን ብቻ አንሱት፤ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ውስጡን በጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ እስኪጠራ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ጥቁር መስታወት ያለው ሄልሜት ካማራችሁ ሻጩ ነጩን መስታወት ጨምሮ እንዲሰጣችሁ ተደራደሩ፤ በጥቁሩ ማታና በጉም መንዳት ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ሙቀት ነው። ባቲና ከሚሴ ላይ እውነት ነው፣ ይሞቃል። ግንባሩ ላይም አገጩ ላይም የሚከፈት ቀዳዳ ያለውንና የውስጥ ጨርቁ ወልቆ የሚታጠበውን ምረጡ። ሻጭ «ይሄ ፋይበር ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምር ብዙ አትደነቁ፤ ደረጃውን ያለፈ የፕላስቲክ ቅርፊት የደረጃ ምልክት ከሌለው ፋይበር ይበልጣል።

ባለ ክፍት ፊት

አናት፣ ጆሮና ማጅራት ይሸፍናል፤ ፊትና አገጭ ክፍት ናቸው። ፒያሳና ሰኞ ገበያ አካባቢ እየቆመ እየተነሳ ለሚሠራ ሰው ይመቻል፦ ከደንበኛ ጋር ሳያወልቅ ያወራል፣ ስልክ ይሰማል፣ አየር ያገኛል። ከላይ ባነሳነው መለኪያ ጥሩ ነው፤ ስሱን አጥንት ይሸፍናል። ያ የሚሆነው ግን ፎሙ እስከ ጆሮ ታች ሲወርድ ነው። አንዳንዱ ጆሮ ላይ ሲደርስ ፎሙ አልቆ ስፖንጅ ብቻ ይቀራል። የጆሮውን ጨርቅ ገልጣችሁ ነጭ ጠንካራ ፎም ካላያችሁ፣ የያዛችሁት ዋጋው የተወደደ ግማሽ ሄልሜት ነው። መስታወቱ እስከ አገጭ የሚወርድ ቢሆንም ከአቧራና ከነፍሳት እንጂ ከአስፋልት አያድንም።

አገጩ የሚነሳ

የሁለቱ ድብልቅ ነው። ከሙሉ ፊት ይከብዳል፣ ይወደዳልም። አገጩን የሚይዘው መቆለፊያ ከብረት ካልሆነና ሲዘጋ ቀጭ ብሎ በሁለቱም በኩል ካልያዘ ተዉት። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ግን ምቹ ነው።

ግማሽ ሄልሜት

በአናት ላይ የሚቀመጥ፣ ከጆሮ በላይ የሚያልቅ። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በከረጢት ይገባል፤ ስለዚህ ነው ለተሳፋሪ ተብሎ ከሞተር ጎን ተንጠልጥሎ የሚታየው። የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ የማይመታውን የአናት ጫፍ ነው፤ የማይሸፍነው ስሱን አጥንት። ብዙዎቹ ውስጣቸው ስፖንጅ ብቻ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። ለትራፊክ ፖሊስ ማሳያ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሞተር ላይ የማይሆኑት

የግንባታ ቆብ የተሠራው ከላይ ለሚወርድ ዕቃ ነው፤ በአውሮፓው ደረጃ የሚፈተነው 5 ኪሎ ብረት ከ1 ሜትር አናቱ ላይ ተለቆ ነው። ከጎን ለሚመጣ ምት አልታሰበም፣ ብዙ ጊዜ የአገጭ ማሰሪያም የለውም፤ ሰውየው መሬት ሳይደርስ ቆቡ ተለይቶት ይሄዳል።

የብስክሌትና የበረዶ ሸርተቴ ሄልሜት ደግሞ ከውጭ ከሚመጣ ያገለገለ ዕቃ መሃል አልፎ አልፎ ይገኛሉ። የበረዶው ያሳስታል፦ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ መልኩ ያማረ፣ የጆሮው መሸፈኛ ሞቃት ስለሆነ ለደሴ ብርድ የተሰፋ ይመስላል። ግን ያ የጆሮ መሸፈኛ በአብዛኛው ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው። ከኋላው የበረዶ መነጽር ማንጠልጠያ ካለውና ውስጡ 1077 የሚል ቁጥር ከታተመበት እሱ ነው፤ የብስክሌቱ 1078 ይላል። ሁለቱም የሚፈተኑት ከ1.5 ሜትር ከፍታ በሚወድቅ ፍጥነት፣ በሰከንድ 5.4 ሜትር ነው። የሞተሩ በቀድሞው የአውሮፓ ደንብ በ7.5፣ በአዲሱ እስከ 8.2 ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የምቱ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ8.2 ሲሆን ከእጥፍ በላይ ነው። በረዶ ላይ ጥሩ ዕቃ ናቸው፤ እዚያው ይቆዩ።

ምልክቱን ማንበብ

የአውሮፓው ማሰሪያው ላይ በተሰፋች ነጭ ጨርቅ ላይ ነው፦ በክብ ውስጥ የላቲን ፊደል ኢ ከአገር ቁጥር ጋር፣ ቀጥሎ በ05 ወይም በ06 የሚጀምር ረጅም ቁጥር። 06 አዲሱ ነው፤ በሰያፍ የሚመጣን ምትም ይፈትናል። በቁጥሩ መሃል ያለችው ፊደል ፒ ከሆነች አገጩ ተፈትኖ አልፏል፤ ጄ ክፍት ፊት ነው፤ ኤንፒ ከሆነ አገጩ ያለው ለመልክ ነው። የአሜሪካው ከኋላ ይለጠፋል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ከሆነ ዲኦቲ ከሚለው በተጨማሪ የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ስም፣ 218 የሚለው ቁጥርና «የተረጋገጠ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ሊኖረው ይገባል። ሦስቱ ፊደላት ብቻቸውን የተለጠፉበት ብዙ ጊዜ የማስመሰያ ስቲከር ነው። የህንዱ 4151፣ የቻይናው 811 የሚል ቁጥር አለው።

ምልክት ሁሉ ሊመሳሰል ይችላልና በእጅም ፈትሹ። የውስጥ ጨርቁን አንሱ፤ ፎሙ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍር፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይቋቋም። እንደ ስፖንጅ ከገባ አትግዙ። ሱቁ ሚዛን ካለው መዝኑት፤ ሙሉ ፊት ሆኖ ከ1 ኪሎ በታች ከሆነ ጎድሎታል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አውልቁና ፎሙ ላይ ስንጥቅ ወይም ጎድጓዳ ፈልጉ። ታሪኩን የማታውቁትን ከመግዛት ግን ርካሽ አዲስ፣ ምልክት ያለው፣ ይሻላል፤ ፎሙ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ለመጨፍለቅ ነው፣ ቅርፊቱ ደግሞ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ይመስላል።

ልክ፣ ሻሽና ማሰሪያ

በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ 2 ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ፣ በኋላ በኩል በሰፊው የራስ ክፍል ዙሩ። 55–56 ሴንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ ኤስ ነው፣ 57–58 ኤም፣ 59–60 ኤል። ከዚያ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ቆዩ። ጉንጫችሁን ጨብጦ፣ ግንባር ላይ ግን እንደ ችንካር የሚወጋ ነጥብ ሳይኖረው መሆን አለበት። ግራና ቀኝ ስታዞሩት የፊት ቆዳ አብሮት ይሂድ። ማሰሪያውን አስራችሁ ከኋላ ወደ ላይና ወደፊት ግፉት፤ ከወለቀ ሰፊ ነው። ሻጭ «ይለምድልሃል» ሲል ግማሽ እውነት አለው፦ የጠበበው በአንድ ወር ትንሽ ይሰፋል፤ የሰፋው ግን አይጠብም።

ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርግ ሴት ለመንገድ የምትለብሰውን ስስ ሻሽ እንዳደረገች ትለካ፤ ቋጠሮውን ከማጅራት አውርዳ አንገት ላይ ታድርገው፣ ሹሩባውም ተጠቅልሎ አናት ላይ አይከመር። በጥምጣም ወይም በተጠቀለለ ጋቢ ላይ የተጫነ ሄልሜት ስሱን አጥንት ገልጦ ከላይ ይንሳፈፋል። ብርድ ከሆነ ከሥር የምታደርጉት ስስ ኮፍያ ይሁን።

ከማሰሪያዎች ሁለት የብረት ቀለበት ያለው አስተማማኙ ነው፤ ጥርስ ያለው ተስቦ የሚጠብቀው ይከተላል፤ ቀጭ የሚለው ፕላስቲክ ዘለበት ሲያረጅ ራሱን ይለቃል። ከታሰረ በኋላ በአገጭና በማሰሪያው መሃል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ።

ከዚያ በኋላ በቤንዚን አታጽዱት፣ ቤንዚን ፎሙን ይበላዋል። የሞተሩ ስፖኪዮ ላይ አትስቀሉት፤ ብረቱ ፎሙን ይጎደጉደዋል። ባይወድቅም በ5 ዓመት ይለወጥ።

ከወደቁ በኋላ

የወደቀው ሰው ደህና ነኝ ቢልም እስከ 48 ሰዓት ብቻውን አይደር። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መደጋገም ያለው ማስመለስ፣ የተሳሰረ ንግግር፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ መንቀጥቀጥ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹህ ውሃ መውረድ፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል በመኪና ይወሰድ እንጂ በሞተር አይፈናጠጥ። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ከማለት በፊት ቀስቅሱትና ስሙንና ያለበትን ቦታ ጠይቁት። የጠጣ ሰው ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ የስካርና የአንጎል መድማት ምልክት ይመሳሰላል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደምን ስለሚያቀጥኑ አትስጡት። ራሱን የሳተ ሰው ትንፋሽ ካለው ሄልሜቱን ለማውለቅ አትቸኩሉ፤ ማውለቅ ግድ ከሆነ አንዱ ከታች አንገትና መንጋጋን ይያዝ፣ ሌላው ከላይ ጎኖቹን እየለጠጠ ቀስ ብሎ ይሳብ።

ጭንቅላት የመታ ሄልሜት ከውጭ ጭረት ብቻ ቢታይበትም ፎሙ ሥራውን ጨርሷል። ለታናሽ ወንድም አይተላለፍም፣ ለተሳፋሪም አይንጠለጠልም፤ ማሰሪያውን በመቀስ ቁረጡና ጣሉት።