ድረ ገጽ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ይህችን ልጅ ያዟት

ሰላም ወገኖቼ። ድረ ገጻችንን ላስተካከለችልን የኮምፒውተር ባለሙያ ልጅ ያለኝን ምስጋና በሆዴ ይዤ መቅረት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ውጭ ያሉ ልጆች አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦቻቸው የበዓል በግ፣ ዶሮና ቅቤ የሚያዙበት ትንሽ ድረ ገጽ አለን። ዘንድሮ ለፋሲካ ግን ስልኬ በእንባ ተሞላ። «ከፍያለሁ፣ ማረጋገጫም ደርሶኛል፤ እናቴ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ስታይ ዋለች» አለችኝ አንዲት ከቨርጂኒያ የደወለች ልጅ። እኛ ጋ ትዕዛዟ የለም! ምን ብዬ ልመልስላት?

ከዚያ በፊት ሁለት ሰዎች «አስተካክለናል» ብለው ገንዘባችንን ወስደዋል። አንደኛው ዛሬም ስልክ አያነሳም። ለካ የሠሩት፣ ስህተት በሚያሳየው የድረ ገጹ ኮድ መስመር ሁሉ ፊት በኢሜይል አድራሻ መሃል የምናስገባትን «አት» ምልክት መለጠፍ ነበር። ድረ ገጻችን በተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በፒኤችፒ፣ ትርጉሟ «ብትሳሳትም ዝም በል» ማለት ነው አሉ። ማስጠንቀቂያው ከዓይናችን ሲጠፋ የዳነ መሰለን።

ባለሙያዋ ልጅ ግን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ስህተቱ አልጠፋም፤ እንዳይናገር ነው የተደረገው» አለችኝ። ትዕዛዙን ፋይል ላይ ከሚጽፈው መስመር ፊት ምልክቷን አነሳችና አስሞከረችኝ። ወዲያው ጽሁፍ ወጣ፤ በአማርኛ ነገረችኝ፦ ምንም አልተጻፈም፣ ምናልባት የዲስኩ ቦታ አልቆ ይሆናል። በቃ ይኸው ነበር! ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሩ ችግሩን ሊነግረን ሲሞክር አፉን አስይዘውት ነበር። አለቀስኩ።

አንዳንዴ ገጹ ነጭ ሆኖ የሚቀረውም በዚሁ ነው። የእኛ ፒኤችፒ አሮጌው እትም 7 ስለነበር ምልክቷ ገጹን የሚያቆመውን ከባድ ስህተት ሳይቀር ትውጠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው እትም 8 ወዲህ ግን እሱን መደበቅ አትችልም አለችኝ። ሌላው አልገባኝም። አሁን ስህተት ሲኖር ደንበኛው ፊት አይወጣም፣ ለእኛ ግን መዝገብ ላይ ይጻፋል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያየች አነሳች፤ አንዷን ብቻ፣ ቢሳሳትም ጉዳት የለውም ብላ ምክንያቱን ነግራኝ ተወቻት።

ዲስኩን ማጽዳቱ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀባትም። ሂሳቧን ተቀብላ መሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቆይታ፣ ኢሜይላችን ላይ የቀሩትን የክፍያ መልእክቶች አብራኝ እየለቀመች የጠፉብንን 17 ደንበኞች አገኘችልን። ለዚህ ሳንቲም አልጠየቀችም፤ ቡና ብቻ ጠጣች። የቨርጂኒያዋ ልጅ እናት በጋቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ደረሰላቸው። ስልክ ላይ ሲመርቁኝ «ምርቃቱ የእሷ ነው» አልኳቸው።

እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ እደጊ! ወገኖቼ፣ «ስህተቱ ጠፋ» ለሚላችሁ ሰው ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ለእሷ አሳዩ። ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።